ትራሱ ሳይበርድ

ከወርቅ ገበያው ጀርባ፣ ዴራ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍቱ በማይሠራው፣ ደረጃው በማያልቅ፣
አንድ ክፍል ለስድስት በቺፕውድ ተከፍሎ፣
የእኛ ድርሻ አልጋ ነው፣ በመጋረጃ ተከልሎ።

አንተ ሌት ትቆማለህ፣ ያላለቀ ሕንፃ በር፣
እኔ ቀን የሰው አልጋ ሳነጥፍ፣ በሰው ክፍል ስዞር፤
«እንዴት አደርሽ?» ትላለህ። «ደህና እደር» እላለሁ፣ ጀንበር ወጥታ።
ደረጃ ላይ ይተላለፋል የንጋትና የማታ ሰላምታ።

ፊትህ ሲጠፋብኝ፣ ሙቀትህን አጠናሁ፣
ከትራሱ ስርጉድ ላይ ጭንቅላትህን ለካሁ፤
ወደ ግድግዳው ዞረህ እንደምትተኛ በግራ ጎን፣
ወገብህን ሲወጋህ እንደምትሰበሰብ እንደ ሕፃን
ማንም አልነገረኝ፤
ከአንሶላው መጨማደድ ነው ወሬው የደረሰኝ።

ትራስ ሥር ትተውልኛለህ ግማሽ ብስኩት፣ የሞባይል ካርድ፣
አንዴም በደረሰኝ ጀርባ፦ «ሐዋ፣ ሻዩን ጠጪው ሳይበርድ።»
ሻዩ በርዷል። ትራሱ ግን አልበረደም።

በወር አንድ ጁምዓ ነበር፣ የሁለታችን ዕረፍት ሲገጥም።

ያን ዕለት እንጓዛለን።
በሰው አንድ አንድ ድርሃም ለጀልባው እንከፍላለን።
ጀልባይቱን «አብራ» ይሏታል፤ ስሟን ማን እንዳወጣው እንጃ፤
አብራ፣ ከማን ጋር? ብዬህ ስቀሃል፣
ውሃውን በእጅህ እየቀዘፍክ፣ ሱሪህን አርሰሃል።
ከዴራ ወደ ቡር ዱባይ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤
ሐይቅ ዳር ያደግኸው ልጅ፣ ውሃ ሲያይህ አይጠላም፣
«ማዶ ደግሞ ሌላ አገር ነው» ትለኛለህ ኮስተር ብለህ፣
ማዶ ስንደርስ አንወርድም፣ ሌላ ሁለት ድርሃም ከፍለህ።
ቤንጋሊው ቀዛፊ ለመደን፤
ሦስተኛው ዙር ላይ ሳንቲሙን መለሰልን።

አንድ ጊዜ ከጎናችን ባርኔጣ የደፋች ሴት
ካሜራዋን ዘርግታ «አንሱኝ» አለችን በምልክት፤
ካነሳናት በኋላ፣ «ለስንት ቀን መጣችሁ?»
«ለአንድ ዓመት» አልካት። ፈጠጠች። «ታድላችሁ!
ዓመት ሙሉ! ባልና ሚስት! አብራችሁ!»

ሳቅን።
ጀልባው ማዶ ደርሶ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ፣ እኛ ሳቅን።
(ፎቶው ላይ የአንተ አውራ ጣት አለች፣ ግማሽ ሰማይ ጋርዳ፤
ያቺ ሴት አገሯ ይዛት ገብታለች፣ ሳታውቅ፣ ያንተን ጣት፣ ያለ ቪዛ፣ ያለ ዕዳ።)

ደግሞ አንድ ቀን በጓደኛህ ሚኒባስ ፉጃይራ ድረስ፣
ተራራ ልናይ ሄደን። ተራራው ሣር አያውቅ፣ ቅጠል አይለብስ።
ዝም ብለህ ቆይተህ፣ አንድ ጠጠር አንስተህ ኪስህ ከተትክ።
ለምን? አልኩህ።
«ይመስላል» አልክ። ምን እንደሚመስል ግን አልነገርክ።

ዓመቱ ሞላ።
ሻንጣው በገመድ ታሰረ፣ በሠላሳ ኪሎ ልክ፣
ብርድ ልብሱ ወጥቶ፣ የእህትህ ልጅ ጫማ ገብቶ፣ ደግሞ ሲታሰር፣ ሲፈታ፣ ሲታከክ።
የመጨረሻዋ ሌሊት፤ ሥራ የለም፤ አንተም እኔም አልጋው ላይ።
ከመጋረጃው ወዲያ የሰው ስልክ ያበራል፣ ያንኮራፋል ሌላው ጉዳይ።

አንተ ሌሊት መተኛት፣ እኔ ከሰው ጋር መተኛት
ረስተናል።
ክንዴን የት ላድርገው? እግርህ የት ይሁን? አላወቅንም።
ክርንህ ቢነካኝ «ይቅርታ» አልከኝ፣
እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ።
«ምንም አይደል» አልኩህ እኔም፣ ያው እንደ ተሳፋሪ።

ተነሣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ አዛን እስኪል፣
ከምንተላለፍበት፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው መሐል።
ስመለስ ወስዶህ ነበር፤ በግራ ጎን፣ ወደ ግድግዳ፣
ልክ አንሶላው እንደነገረኝ።
እጄን ወደ ትራሱ ሰደድኩ፣ የዓመቱ ልማድ ይዞኝ፤

ይሞቃል።
ሰው አለበት።