እጅ ማውጣት

በቺሎኤ ዳርቻ፣ በኛ ደሴት፣ ስምንተኛ ክፍል ሦስት ናቸው፤
ሮሳልባ፣ ኤሊሴር፣ አቤላርዶ፤ አንድ አግዳሚ የበቃቸው።
ከኋላቸው፣ ምድጃው አጠገብ፣ ኩየን አለች፣
ሁለተኛ ክፍል፣ ብቻዋን፤ የወለቀ ጥርሷን በኪሷ ይዛ ትመጣለች።
መምህራቸው እኔ ነኝ። ሒሳብም እኔ፣ ታሪክም እኔ፣
ማገዶ ፈላጭም፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ አቅራቢም እኔ።

ከኅዳር ወዲህ መጽሐፉን ዘግቼ፣ አለቃዬ ሳይሰማ፣
የማስተምራቸው ሌላ ነው፤ ኑሮ በከተማ።

ለምሳሌ ቁልፍ። እዚህ ደሴት የሚቆለፍ በር የለም፤
ካስትሮ ግን የአዳሪ ሣጥን ያለ ጓጉንቸር አያድርም።
ባለ ቁጥሩን ገዛሁ፣ ለሦስቱ አንድ፣ ከደመወዜ፤
ኤሊሴር ቁጥሩን ከባሕር ወሰደ፣ ውሃው የሚሸሽበትን ጊዜ።
ባሕር በየቀኑ ሰዓት ይቀይራል፤ ጓጉንቸሩ አልከፈት አለው፤
«የተሳሳተው እሱ ነው» አለ። አልተከራከርኩም። ልጁ ልክ ነው።

ለምሳሌ አውቶቡስ። ወለሉ ላይ በጠመኔ መንገድ ሠራን፣ ወንበር ደረደርን፤
አቤላርዶ ትኬት ቆራጭ ሆነ፤ መልስ ሳይሰጠን ወሰደን።
«ጎበዝ» አልኩት፣ «ከተማ ገብተሃል።»

ለምሳሌ ኤክስ፣ ያልታወቀው ቁጥር። ሮሳልባ ትወደዋለች፤
«ስሙን ሳይናገር የገባ እንግዳ ነው፤ ከበላ በኋላ ይነግረናል» ትላለች።

ከሁሉ የከበደው ግን
እጅ ማውጣት።

ሦስት ልጅ ባለበት ክፍል እጁን የሚያወጣ ማን ነው?
ኤሊሴር ጆሮውን ሲያሽ፣
ሮሳልባ እርሳሷን ስትነክስ፣ አቤላርዶ በመስኮት ሲሸሽ
ጥያቄያቸው አፋቸው ሳይደርስ እኔ ዘንድ ይደርሳል።
እዚያ አርባ ናቸው። ከአርባ መሀል ጆሮ ያሸውን ማን ያየዋል?

«እጅ አውጡ!» አልኩ። ሳቁ።
«አውጡ! ክንዳችሁ ይዘርጋ፣ ጀልባ እንደሚጠራ ሰው፣
ጉም ውስጥ እንደቆመ፣ ቀዛፊው እንዲያየው።
‹አልገባኝም› በሉ፣ ጮክ ብላችሁ፤ ነውሩ ምኑ ነው?
ያልገባው ሰው አይሰጥምም፤ የሚሰጥመው ዝም ያለው ነው።»

አቤላርዶ አላወጣም። እጆቹን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው።
የመመዝገቢያ ፎርሙ ላይ፣ «ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስንት ኪሎ ሜትር?» በሚለው፣
«ነፋሱ ከተኛ ሁለት ሰዓት፤ ካልተኛ አይታወቅም» ብሎ ሞልቷል።
አላረምኩትም።
የወላጅ ፊርማው ቦታ ግን ባዶ ነው።

ማታ ፋኖስ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አባቱ ዛጎል የሚያወጣ ሰው ነው፤
ገመድ የሚስብለት ይፈልጋል፤ ልጁ ደግሞ አንድ ነው።
«መምህርት» አለኝ፣ «ሦስት አስተምረሽ ሦስቱንም ለከተማ ትሰጫለሽ፤
ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ከዚያ፣ አንቺ ማንን ታስተምሪያለሽ?»

መልስ አልነበረኝም።
እጄን አወጣሁ።
እንዲያው፣ ከምድጃው ፊት፣ ክንዴን ዘርግቼ፣
«አልገባኝም» አልኩ።

ሳቀ? አልሳቀም። ድንች ጨመረልኝ። ሳህኔን ስጨርስ ፎርሙን ፈረመ፤
ዛጎል የቆረጠው ጣቱ ከስሙ ጎን ትንሽ ደም አተመ።

መጋቢት ላይ ጀልባው ሦስት ፍራሽ፣ ሦስት ልጅ፣ አንድ የሰው ዶሮ ጭኖ ሄደ።
አቤላርዶ ከኋላ ቆሞ እጁን አወጣ፤
ስንብት ይሁን ጥያቄ ሳልለይ፣ ጉሙ መጥቶ ጋረደ።

ሰኞ ገባሁ። ኩየን አለች። ሦስተኛ ክፍል ሆናለች።
ምድጃው አልያዝ ብሎ ጨሰ። ቀኑን ሰሌዳ ላይ ጽፌ
ዞር ስል፣ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ እጇን አውጥታለች።
«ኩየን፣ ብቻሽን እኮ ነሽ፤ ዝም ብለሽ ተናገሪ።»
እጇ አልወረደም። ስሟን በወጉ እስክጠራ ጠበቀች።

«እሺ። ኩየን።»

«አልገባኝም» አለች፣
ገና ምንም ሳላስተምራት።