አራተኛው በር

እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ የትራብዞን ችሎት፣
ሰው ያለውን ሁሉ በጣቴ የምከትት።
አስተያየት የለኝ፣ ደመወዝ ነው ያለኝ፤
ሐሳብ አይደል፣ ፊደል ነው የሚጠበቅብኝ።

ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ከጥቁር ባሕር መጥቶ
የችሎቱን መስኮት ሲያንኳኳ ሰንብቶ፣
ኦንደርን አቀረቡት። ሃያ ሁለት ዓመቱ፤
ፀጉሩን ተከርክሟል፣ ሽቶ ሽቶ ይላል አንገቱ፤
ቆሞ ሳለ እንኳ ያያል ወደ ጣሪያ፣
ካሜራ ያለ ይመስል፣ ለመልኩ ማሳያ።

ጥፋቱ እንዲህ ነው፦
ጎረቤት ለጎረቤት በሚኳረፍበት
በዚያ ታላቅ ግጥሚያ፣ ቲኬት በጠፋበት፣
ቀይ ሰደርያ ለብሶ፣ ቃሬዛ አንጠልጥሎ፣
«ሰው ወድቋል! ልቀቁ!» ብሎ ጮኾ ዘሎ፣
በሩን ኒያዚ ከፈተለት።
ሮጠ፤ ተቀመጠ ከተጠባባቂዎች ዳር፤
ራሱን ቀረጸ፤ ሣቀ፤ ላከው ለአገር።
ባደረ በነጋው ሦስት ሚሊዮን ሰው አየው፤
ያንኑ ቀን ኒያዚን አለቃው ሸኘው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ላይ የቆመውን ሰው።

ዐቃቤ ሕጉ ቆሞ «ይታሰር፣ ይማር» አለ።
ጠበቃውም ቆሞ «ማን ሞተ? ምን ጎደለ?
ኳስ ነው፣ ክብርት ዳኛ፤ ሣቅ ነው የዘረፈው፤
ሣቅ ለሰረቀ ልጅ ወኅኒ ምን ሊሆን ነው?»

ኒያዚ ተጠራ።
ባርኔጣውን በእጁ እንደ ሎሚ ጨምቆ፣
ድምፁን ከጉሮሮው እንደ ዝገት ፍቆ፣
«እኔ ቲኬት አያለሁ፤ ቦርሳ እፈትሻለሁ፤
የሰከረውን መክሬ ወደ ቤት እሸኛለሁ።
ቃሬዛን ግን… ቃሬዛን ጠይቄው አላውቅም፤
ቃሬዛ ሲሮጥ፣ በር «ማነህ?» ብሎ አይቆምም።
ከእንግዲህ እዚያ የሚቆም፣ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው፣
ቃሬዛ ሲመጣ መታወቂያ ሊል ነው።
የሰረቀን ይህን ነው።»

ቁልፉ ላይ ጣቴ ቀረ።

ዳኛዋ ሴቭጊ መነጽሯን ወለወለች፣
(ሁልጊዜ እንዲህ ናት፣ ቁጣዋን ስታበርድ) ከዚያ ተናገረች፦
«ገንዘብ ብቀጣው ከዚያው ቪዲዮ ይከፍላል፤
ጥፋቱ ለቅጣቱ ደመወዝ ይሆናል።
ባስረው፣ ጢም አሳድጎ ይወጣል፤
የወኅኒ ሌሊቱን ይተርካል፤ ስሙ ይደምቃል።
ስታዲየም ባግደው፣ አጥር አለ ገና፤
አጥር ለእንዲህ ያለው መሰላል ነውና።
ስለዚህ ይግባ። በሕግ ይግባ፣ በበሩ።
በየጨዋታው ይቁም እዚያው በር ዳሩ፣
ውድድሩ እስኪያልቅ። ኒያዚ ይመለስ፣ አለቃው ይሁን።
ስልኩን ያስረክብ፤ ለሜዳው ይስጥ ጀርባውን።»

ጻፍኩት። አራት ነጥብ አደረግሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤
ጎል በጀርባው የሚሰማ ሰው፣ ምሕረት ነው ጭካኔ? ማን ይንገረኝ?

የካቲት ላይ ሄድኩ፣ ቲኬቴን ቆርጬ፣
(ኳስ እንኳ አልወድም) ዣንጥላ ጨብጬ፤
ዘግይቼ ደረስኩ። ኦንደር ቢጫ ለብሶ፣ ዝናብ ባንገቱ ገብቶ፣
ሠላሳ ሺህ ጉሮሮ «ጎል!» ሲል ተንጫጭቶ፣
አንገቱ ዞር ሊል ሲል ኒያዚ ሳል ሳለ።
አንገቱ ተመለሰ። እኔን «ቲኬት» አለ።
አላወቀኝም።

«ግባ» ሲለኝ ቆምኩኝ። ከላይ መደዳ
ሰው ወደቀ አሉ፤ ድንገት፣ ዱብ ዕዳ።
ሁለት ቀይ ሰደርያ፣ ቃሬዛ፣ ሩጫ፣
«ልቀቁ!»
ኦንደር እጁ በመዝጊያው፣ ዓይኑ በፊታቸው፣
ቆመ።
አንዲት ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከዚያ ከፈተላቸው።

ኒያዚ አየው። ምንም አላለውም።
የወደቀው ይዳን አይዳን እኔ አልጠየቅሁም።

የፍርዱ ወረቀት አምስት ገጽ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፤
ያቺን ትንፋሽ ግን የት መስመር ላይ እንደምጽፋት እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ።