የተረፈ ይከፈልበታል

በሩ ላይ በቀይ ቀለም፣ በሦስት ቋንቋ ተጽፏል፦
«እስኪበቃዎ ይብሉ፤ መቶ ደቂቃ ተፈቅዷል።
የተረፈ ሱሺ ግን በፍሬ ይቆጠራል፤
ለእያንዳንዱ ፍሬ አንድ ዶላር ይከፈልበታል።»

ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። ዌንሹ እባላለሁ።
እርሳስ ከጆሮዬ፣ ጨርቅ ከትከሻዬ፣ እንፋሎት ለብሼ እዞራለሁ።

ውጪው ዊኒፔግ ነው። ከዜሮ በታች ሠላሳ።
ትንፋሽ ጢም ላይ ረግቶ፣ ሞተር እንቢ ሲል ሊነሳ፣
ሰው መነጽሩ ጉም ለብሶ፣ በሩን በክርኑ ገፍቶ
ይገባል፤ በአንድ ድስት መሐል ሁለት ዓይነት መረቅ ፈልቶ
ያገኛል። ቀዩ የበርበሬ፣ ነጩ የአጥንት፤ በቆርቆሮ ድንበር
ተጎራብተው ይንተከተካሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይሻገር።

ስድስት ቁጥር ላይ አራት ጎረምሶች፣ የሆኪ ተጫዋቾች፣
ከነቦርሳቸው፣ ከነላባቸው፣ ትከሻቸው የቁምሳጥን በሮች፤
«ሰማንያ ፍሬ ሳልመን!» አሉ፣ ገና ካፖርት ሳያወልቁ።
«በትንሽ ጀምሩ፣ ልጆች» ብላቸው፣ ሳቁ።
ጥጋብ ከመብላት በፊት ሲመጣ አውቀዋለሁ፤
ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ደረሰ። ሳቁ ቀነሰ። ቀበቶ ላላ።
አንደኛው ግድግዳ ያያል። ሌላው ከሩዙ ነጥሎ ዓሣውን በላ፣
ሩዙን በናፕኪን ጠቅልሎ
ኪሱ ከተተ። ሦስተኛው የሻዩን ማንቆርቆሪያ ከፈተ፣ ቀስ ብሎ።

አሥራ አንድ ላይ ግን ወይዘሮ ፉንግ አሉ፤ ሰማንያ አንድ ነው ዓመታቸው፣
ሚዛን ቢወጡ ከነቦት ጫማቸው የድመት ያህል ነው ክብደታቸው።
ሻይ አይነኩም። ሩዝ አይነኩም። ኑድል ሲቀርብ ይገፋሉ፤
«ይህ የባለቤቱ ወጥመድ ነው» ብለው ለልጅ ልጃቸው ይነግራሉ።
እንደ ወረቀት የሳሳውን ሥጋ ነክረው እስከ ስምንት ይቆጥራሉ፣
ያወጣሉ፣ ይውጣሉ። ደግሞ ያዛሉ። ደግሞ ይውጣሉ።
አለቃዬ ከካሸር ጀርባ ማስያ ይዞ ያያቸዋል፤
ሲወጡ ግን በር ከፍቶ «እማማ፣ ደግሞ ይምጡ» ይላቸዋል።

ሦስት ቁጥር የመጀመሪያ ቀጠሮ ነው። እሷ ከቀዩ ትጨልፋለች፤
እሱም ወንድነት ይዞት ከቀዩ ጨለፈ። እንባው ሲወርድ አየች፣
እጁን ያዘችው። በርበሬው መሆኑን እስካሁን አልነገራትም፤
እኔም ውሃ አቅርቤ ዝም አልኩ። በሰው እሳት አልገባም።

ማክሰኞ ነውና አቶ ሎወን መስኮቱ ጥግ ተቀምጠዋል።
አርባ ዓመት በባቡር የሚጫን ስንዴ በመዳፍ እያገላበጡ ፈትሸዋል፤
ፍሬ መቁጠር ያውቃሉ። ነጩን ሾርባ ብቻ ነው የሚጠጡት፤
ግን ስምንት ፍሬ የአቮካዶ ጥቅል ያዛሉ፣ አንዱንም ላይነኩት።
ባዶው ወንበር ፊት ያኖሩታል።
የኤርና ነበረ። ሚስታቸው ጥሬ ዓሣ ትፈራለች፤
አሥር ዓመት እዚህ መጥታ እሱን ብቻ በልታ ሄደች።

ባለፈው ወር አንጀቴ አልችል ብሎ፣ እርሳሴን ከጆሮዬ ሳላወጣ
«ምንም አልተረፈም» ብዬ፣ ደረሰኙን ይዤ ስመጣ፣
አነበቡት። መነጽር ቀየሩ። እንደ ስንዴ መረመሩት።
«ልጄ፣ ተሳስተሻል» አሉ፤ ሳህኑን በጣት ቆጠሩት።
«ስምንት ፍሬ፣ ስምንት ዶላር። ጻፊው፤ ስሙንም፣ ቁጥሩንም።
መብራቱ በእኔ ስም ዞረ፤ ስልኩም፣ የባንክ ደብተሩም።
እሷ የበላችው ነገር ስሙ ተጽፎ የሚመጣልኝ
ይሄ ወረቀት ብቻ ነው። የተረፈ ይክፈል። አትማሪኝ።»

ጻፍኩ። ዛሬም ጻፍኩ።

ጎረምሶቹ ሳህናቸው ጥርግ ብሎ፣ ፊታቸው ገርጥቶ፣
ወጡ፤ የአንዱ ኪስ አብጦ፣ የሌላው አንደበት ጠፍቶ።
ማንቆርቆሪያውን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ሳልመን፣ በጃስሚን ሻይ ውስጥ።
«ስድስት ቁጥር ስንት ተረፈ?» አለ አለቃዬ ከማዶ።
ዓሣዎቹን አየኋቸው። «ምንም» አልኩ። ውጪ ይወርዳል በረዶ።

አቶ ሎወን ደረሰኙን አራት አጥፈው፣ ጓንታቸው ውስጥ ከተው፣
«እስከ ማክሰኞ» አሉኝ።