ከሠላሳ ስንት?

ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፣ እኔም ካፖርት ለብሼ፣
ከኮምቦልቻ ሙቀት ሐረጎን ጨርሼ፣
ዳኛ ነህ ተብዬ ደሴ ገባሁ።
ቀይ እስክሪብቶ አንድ፣ ቅጽ ሠላሳ ሁለት፣
ጉሮሮዬ ውስጥ የሃያ ሁለት ዓመት የጠመኔ ብናኝ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሙጫ ይሸታል፣ የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል።
አንዱ ብሎን ጠፍቶበት ከጠረጴዛ ሥር ይዳክራል።
የኮምጣጤው እሳተ ገሞራ ከሰዓቱ ቀድሞ ፈነዳ፣
የርእሰ መምህሩን አዲስ ሱሪ ጎዳ።
ከሐይቅ የመጡት መንትዮች
በስሪንጅና በውሃ ግፊት የሚሠራ ክንድ አቁመው፣
እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዘዙት፣
መልሰው ሰጡኝ፣ አጎንብሰው።

የባቲው አሊጋዝ ካርቶን በአምፖል አሙቆ
እንቁላል ታቅፏል፤
"ሃያ አንደኛው ቀን ዛሬ ነው፣ ጋሼ፣ ዛሬ ነው" ይላል፣
ላብ አጥምቆታል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ።
ግማሹ ሳይንስ ባንዴ በረደ።
የሚሽከረከረው ቆመ፣ የሚያበራው ጠቆረ፤
አሊጋዝ ሹራቡን አወለቀ፣
ሣጥኑን ሸፈነ፣ አቅፎት ቀረ።
ከዚያ የጎረቤት ጠረጴዛ ልጅ ጃኬት፣
ከዚያ የአንዲት መምህርት ነጠላ፣
ከዚያም (ምን እደብቃለሁ) የኔ ካፖርት።

እየበረደኝ ስዞር ነው ጥጉን ያየሁት።
ጦይባ ይመር፣ ዘጠነኛ ክፍል።
ሲባጎ፣ ሁለት ችካል፣
የባትሪ ድንጋይ፣ ከአሮጌ በር የተፈታ ደወል።
መብራቱ መሄዱን ልብ ያለችም አትመስል።

"ምንድን ነው ይሄ?"
"ጓሯችን ተሰንጥቋል።
አንዱ ችካል ከስንጥቁ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይቆማል።
መሬቱ ከሸሸ ሲባጎው ይወጠራል፣
ሲባጎው ከተወጠረ ይደውላል።
ሌሊት ቢሆንም እንነሣለን።"

"እስኪ ሲሠራ አሳዪኝ።"

እጇ ወደ ሲባጎው ሄዶ ተመለሰ።
"እዚህ እኮ መሬቱ አይሄድም፣ ጋሼ።
የቤቱም ቢሆን... ሃምሳ ስምንት ሌሊት አልጮኸም።
አልሐምዱሊላህ።"

ደብተሯን ገፋ አደረገችልኝ።
ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ኃይለኛ ዝናብ፣ ሁለት ጣት።
ጳጉሜን ሦስት፣ ካፊያ፣ ሁለት ጣት ከትንሽ።
መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሲከፈት፣
ጣት ቀርቶ ሚሊ ሜትር።
ከአንዱ ቀን ግርጌ፣ በጠባብ ጽሕፈት፦
"ዛሬ ታናሼ ችካሉን ረገጠው። በሐሰት ደወለ።
አባዬ ሣቀብን።
ግን ጫማውን አጥልቆ ነበር።"

የቅጼ አራተኛ ረድፍ እንዲህ ይላል፦
በዕለቱ በተግባር ማሳየት፣ ከሠላሳ።
ከሠላሳ ስንት?
ለዝምታ ማን ነጥብ ሰጥቶ ያውቃል?
ለተማሪዎቼ ስንቴ ነግሬያለሁ፣
"ያልታየ ውጤት፣ ውጤት አይባልም" እያልሁ።
አሥር ጻፍሁ።
አሥሩንም እጄ ከብዶት።

ስምንት ሰዓት ላይ ከካፖርቴ ሥር "ጭው" የሚል መጣ።
ርጥብ፣ አንገተ ጠማማ፣ የተቆጣ
አንድ ጫጩት።
አዳራሹ ፈረሰ! ወንበር ላይ የወጣው፣ ያፏጨው፣
አሊጋዝን ተሸክሞ የዞረው።
አንደኛ ወጣ። ማን ይከራከራል?
እኔም አጨበጨብሁ፣
እጅጌዬ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ተለጥፎ።

ጦይባ አሥራ ዘጠነኛ።
ሲባጎዋን በአውራ ጣቷ ጠቀለለች፣
ደወሉን በመንገድ እንዳይነካካ በሻርፗ አፈነች፣
ሰው ሳይበተን ሄደች።

ማታ፣ ሆቴሉ ቆርቆሮ ላይ፣
የጥቅምት ያልሆነ ዝናብ።
ራቅ ካለ ጓሮ፣ ከማላውቀው ቤት
ድምፅ ቢመጣ ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ።
መስኮቱን ከፈትሁ። ብርዱ ገባ።
ምንም።
ጫማዬን ግን አላወለቅሁም።

ቅጹ ገብቷል፣ ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል።
ዝናቡ ይወርዳል።
ደወሉ ዝም ብሏል።
ዝም ይበል።