አልጋ ስምንት

ከተማው ካራ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው፣
አስፋልቱ ኮረት፣ ኮረቱ አቧራ ሲሆን፣
ሆስፒታላችን እዚያ ነው፤ ባለ ሦስት ፎቅ፤
በአንድ ወገን ባሕር ዛፍ ያያል፣
በሌላው የድንጋይ ወፍጮ፤
ሌሊት ጅብ ይጮህበታል፣ ቀን ሲኖትራክ።

ቶሎሳን በባጃጅ አመጡት፣
ካላለቀ ሕንፃ፣ ካልታጠረ ግቢ፤
ሲሚንቶና ብረት ጠባቂ ነው፣
እሱን ግን የሚጠብቅ የሌለው።
ደም ይተፋል። ሦስት ሳምንቱ።
የዐይኑን ቆብ ገለጥኩ፤ ውስጡ
እንደ ታጠበ ነጠላ።
ሄሞግሎቢን አራት።

«ቲቢ ነው» አልን። ደም ተፍቶ ማንን ቲቢ አላልንም?
አክታው ሦስቴ ታየ፤ የለም።
ራጅ ተነሳ፤ ሳንባው ንጹሕ፣
እንደ ጾመኛ ሰው ሳህን።
«ጨጓራ ነው» አልን። የጨጓራ ማያው
ከሰኔ ጀምሮ መለዋወጫ ይጠብቃል፤
ሪፈር ጻፍን፤ ቀጠሮው ጥር ላይ ወደቀ።
እኛ ደም በከረጢት እንሰቅላለን፣
እሱ በባልዲ ይመልሳል፤
በተቀደደ ስልቻ እህል መስፈር።
ዋናው ሐኪም ማለዳ ቆሞ
«ያልተለመደ ነው» አለና ወደ እኔ አየ፤
እኔ ወደ ጫማዬ።

አልጋ ስምንት ላይ ጋሽ ዘውገ ነበሩ።
ልባቸው ደክሟል፤ እግራቸው አብጦ
ሲጫኑት የጣት ጉድጓድ ይቀርበታል፣
ረግረግ ላይ እንዳረፈ ኮቴ።
ያልተለመደ ነገር የላቸውም፤ ተማሪ አይከባቸውም፤
የሽንት መርፌ፣ ኪሎ፣ ሽንት በሊትር፣
ቀጣይ።
ዕድሜ ልካቸውን ካራ ገበያ
በሬ ሲገዙ በሬ ሲሸጡ፣
ጥርስ ቆጥረው ሻኛ ዳብሰው፤
አሁን ጋደም ሲሉ ያፍናቸዋልና
ተቀምጠው ያድራሉ፤
እኛ የተኛንበትን ሌሊት ሁሉ
ልጁን ሲያዩት አደሩ።

«ዶክተር» አሉኝ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
«ይሄ ልጅ በሬ ቢሆን ኖሮ
እስካሁን ምላሱን ስቤ ጉሮሮውን አይቼ ነበር።»
«ምን ሊያዩ?»
«ውሃ ከየት እንደሚጠጣ ጠየቃችሁት?»

አልጠየቅንም።
ሲጋራ ጠይቀናል። ጫት፣ አረቄ፣
ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው።
«ቧንቧው በአስራ አምስት ቀን አንዴ ነው» አለ ቶሎሳ፣
«ከቁፋሮው ሥር ምንጭ አለች፤
ማታ በእፍኜ ነው የምጠጣ፤ ጨለማ ነው፣ አላይም።
ጉሮሮዬን አንዳንዴ ይኮረኩረኛል።
እሱን ማውራት አፈርኩ።»

ከቀዶ ጥገና ክፍል የጉሮሮ ማያ ተዋስኩ።
ማደንዘዣ ረጨሁ፤ ምላሱን ስቤ አጎነበስኩ።
ከድምፅ አውታሩ በላይ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣
እንደ ረጠበ የጫማ ምላስ፤
ተኮማተረ።
እኔም ተኮማተርኩ።
በመቆንጠጫ ያዝኩት፤ ሙልጭ አለብኝ።
«አትጎትቺው፣ ቆይ በይ፣ ራሱ ይለቃል» አሉ ከጀርባዬ፣
ስድስት ዓመት ስማር ያልተነገረኝን።
ለቀቀ።
አልቅት። የጣቴን ያህል፣
በአራት ከረጢት ደማችን የሰባ።

ቶሎሳ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ።
ከመውጣቱ በፊት ፎቶ ተነሳ፤
አልቅቱም በብልቃጥ ሆኖ ተነሳ።
ከሌላ ክፍል ሳይቀር ሐኪም ሊያይ መጣ፤
ለአልጋ ስምንት ጀርባ ሰጥተው ቆሙ።

ሐሙስ ጋሽ ዘውገ ሞቱ።
ልብ ነው፤ የሚጠበቅ፤
ማንም የማይጽፈው ሞት።
አንሶላው ተለወጠ፤ ከምሳ በፊት ሌላ ሰው ተኛበት።

የቶሎሳን ግን ጻፍን፦ «የሠላሳ አራት ዓመት ወንድ፣
ምክንያቱ ያልታወቀ ደም መትፋት...»
ከላይ የስድስት ሐኪም ስም ተደረደረ፤
ሦስታችን አልቅቱን አይተናል፣ የቀሩት ፎቶውን።
ከግርጌ ምስጋና የሚባል ቦታ አለ፤
«ለአልጋ ስምንት» ብዬ ላክሁ።
ተመለሰልኝ፦ ሙሉ ስም ይሟላ።

የአባታቸውን ስም አላውቅም ነበር።
ምድር ቤት፣ ካርድ ክፍል ወረድኩ፤
የተዘጉት ካርዶች በላስቲክ ታስረው ተከምረዋል፤
የድንጋይ ወፍጮው አቧራ እዚያም ገብቷል፤
አስነጠሰኝ።
ዘውገ ማንያዘዋል። ስልሳ ስምንት።
አድራሻ፦ ካራ፣ ከሚዛኑ ጀርባ።
ሥራ በሚለው መስመር ላይ የካርድ ክፍሏ ልጅ፣
የነገሯትን ሳትለውጥ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
«በሬ ማየት» ብላለች።