ሰባት ጆሮ

በረዶ ሲባል እኔ የማውቀው
ቆርቆሮዬን ነው የሚደበድበው፤
ልጅ ለቅሞ አፉ ውስጥ የሚከተው፣
ሳይውጠው ቀልጦ የሚያመልጠው።

ይሄኛው ሌላ ነው። ሻይ ቤት፣ ቴሌቪዥን ላይ፣
ነጭ ምድር አየሁ፣ ነጭ ከነሰማይ፤
ውሾች በጥንድ በጥንድ እንደ በሬ ተጠምደው፣
ጎማ የሌለው ጋሪ ይጎትታሉ፣ ሰው አሳፍረው።
ሻዬ ቀዘቀዘ። ሒሳብ ሳልከፍል ወጣሁ።
(ኋላ ተመልሼ ከፍያለሁ።)

ብየዳ ነው ሥራዬ፣ ሂርማታ ገበያ ዳር፤
በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የባጃጅ ሹካ ጭምር።
ቤንዚን በጠፋበት በዚያ የክረምት ወራት
አንዲት ባጃጅ ነበረች፣ ባለቤቷ የከዳት፤
ጣሪያዋን ገፈፍኩት፣ ሞተሯን አወረድኩት፣
አጥንቷ ብቻ ሲቀር አቅልዬ በየድኩት።
ጠፍሩን ከአህያ ጭነት፣ ቀበቶውን ከመኪና፤
ሚስቴ ዘርትሁን አይታ አይታ ዝም አለችና፦
«ፈረስ አልቋል?» አለች።

ውሻ እኛ አገር ስሙ ለጎረቤት ደብዳቤ ነው፤
የሚጠሩት እሱን፣ የሚሰማው ሌላ ሰው።
አንዱን «ማን አለብኝ»፣ አንዷን «ምን ቸገራችሁ»፣
ሦስተኛውን «ተዉኝ»፣ አራተኛዋን «ታያላችሁ»።
ማን አለብኝ ከቄራ፣ አጥንት ያሳደገው፤
ተዉኝ ከኮሌጁ አጥር፣ አንድ ጆሮውን ሽቦ የበላው፤
ሁለቱ እህትማማች ከአዌቱ ድልድይ ሥር፣
በስኳር ጆንያ ተጥለው፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ነበር።
ነጋሱ ከኮሌጁ መጥቶ ወጋቸው ለእብደት በሽታ፤
«አንተንስ ማን ይውጋህ?» አለኝ በፈገግታ።

መጀመሪያ ቀን ተቀምጠው አዩኝ። እኔም አየኋቸው።
በማግስቱ ተጣሉ።
በሦስተኛው ቀን ጠፍሩን በሉት።
በአራተኛው ድመት አለፈች፤

ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ?
እጄ ላይ ገመዱ ሲጠብቅ፣ ፍሬኑን ረሳሁ፤
ያ ዕድሜ ልኬን የረገምኩት ቀዩ የጅማ ጭቃ
እንደ ቅቤ ለሰለሰ፣ መንገዱ ከእንቅልፉ ነቃ፤
ዐሥራ ስድስት እግር እንደ አንድ ልብ መታብኝ፤
አርባ ሦስት ዓመት የት ነበርኩ? ማን ነበር የደበቀኝ?

እትዬ ዙበይዳ ግን ልብስ ታሰጣለች በአጥሬ፤
የውሻ ምራቅ ከነካው ሰባቴ ማጠብ ነው፣ አንዱን በአፈር።
ቆርቆሮ በየድኩላት፣ አጥሩን ከፍ አደረግሁ፤
ለሁለት ወር ሰላምታዋን በቆርቆሮው በኩል ሰማሁ።

ከባለ ጋሪው ሚፍታህ ጋር በአንድ ኩንታል ፉርሽካ ተወራረድን።
ከጅሬን ቁልቁል ወረድን። እስከ ግማሽ መንገድ መራን።
ፈረሱ ከኋላ ሲያነጥስ ሰማሁት።
ከዚያ ነፋሱ ወደ ቄራ ዞረ።
ማን አለብኝም ዞረ።
ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ምን እላለሁ?

ሚፍታህ ፉርሽካውን ወሰደ። ሲመሽ ግማሹን መለሰ፤
«ለታያላችሁ ነው፣ ላንተ አይደለም» ብሎ ራሷን ዳበሰ።
እዚህ አገር ጌታ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤
እኔን «አባ ተዉኝ» ይሉኛል፣ የሰፈሩ ልጆች በአጥር።

ትናንት ሌሊት በረዶ ጣለ።
ፋኖስ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። አራቱም ቆመዋል፤
ሰባት ጆሮ ወደ ጣሪያው።
ከቆርቆሮው ማዶ ሳል ተሰማ፤ ቆይቶም፦
«ነገ አይሮጡም እንዴ?» አለች ዙበይዳ።
እኔ በጨለማው ጠፍሩን እየፈለግሁ ነበር።