ለጊዜው

ስምንት ገጽ መጠይቅ፣ ሰባ ሁለት ጥያቄ፣
ነፋስ እንዳይወስደው ከደረቴ አጥብቄ፣
ቀሃን ተሻግሬ፣ ከዳገቱ ሥር አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ፤
«ለጥናት ነው እናቴ፣ ከዩኒቨርሲቲ» ብዬ ስሜን ተናገርሁ።
ነጭ ሽንኩርት ሲፈለፍሉ እጃቸው ሳይቆም፣
«ግቢ» አሉኝ እትዬ አዛለች፣ «ወንበሩ ይወላገዳል እንጂ ሰው አይጥልም።»

ገቢ።
«ቅዳሜ ገበያ ነኝ። ከቀናኝ መቶ ሀምሳ፤
ካልቀናኝም የመደቡን ከፍዬ፣ አቧራዬን አራግፌ ልነሳ።»

ጤና።
«ግፊት አለብኝ። ኪኒኗን በምላጭ ለሁለት እከፍላታለሁ፤
ግማሿን ለዛሬ፣ ግማሿን ለነገ። ሐኪሙ ሲቆጣ ‹እሺ ጌታዬ› እለዋለሁ።»
«ከአንድ እስከ አምስት ቢመድቡትስ?» አልኩኝ፤ አላየሁም ዓይናቸውንም፤
«ሦስት በዪው ልጄ። መሐል አያስቀይም ማንንም።»

«በቤቱ ስንት ሰው ይኖራል?»
«አራት» አሉ።
ቆጠርሁ፦ እሳቸው፣ ፈንታነሽ፣ የፈንታነሽ ሕፃን፤ ሦስት ናቸው ያሉ።
«ሦስት ልበለው?» ብል ልጣጩን ከጉልበታቸው አራገፉ፤
ስክሪብቶዬ ቆሞ ቀረ፤ ጥቂት ደቂቃዎች አለፉ።
ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ቀና አሉ፣
ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።
«አንቺስ፣ ወላጆችሽ አሉ?»
«እናቴ።»
«አባትሽስ?»
የቸኮልሁ መስዬ ገጹን ገለጥሁ።

ወጪ። ጤፍ፣ ዘይት፣ የቤት ኪራይ፣ እድር፣ መብራት፤
ከዚያ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፦ «የሸጋው ካርድ። በየወሩ፣ ሃያ አምስት።»

«ሸጋው ማነው?»

«ባጃጅ ይነዳ ነበር፣ ከአዘዞ ፒያሳ። እብድ አይምሰልሽ፤ በእጄ አፈር መልሼበታለሁ፤
ተዝካሩን በብድር አወጣሁ፣ ብድሩን ይኸው እስካሁን እከፍላለሁ።
ግን ካርድ ካልሞላሽ ቁጥሩ ይዘጋል አሉኝ፤ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እንዴት ብዬ ልተወው?
‹ሸጋው› ብዬ ስደውል የማን ልጅ ‹አቤት› ብሎ ሊያነሳው?
ማታ ማታ እደውላለሁ። አንዲት ሴት አለች፣ ትሑት፣ ተቆጥታኝ አታውቅም፤
‹የደወሉላቸውን ደንበኛ› ትለኛለች፣ ‹ለጊዜው ማግኘት አይችሉም።›
ለጊዜው! ሰማሽ ልጄ?
ቄሱ እስከ ምጽአት አሉኝ፣ ሐኪሙ አበቃ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጽናት፤
‹ለጊዜው› ብላ የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ሃያ አምስት ብር። የት ልጻፈው?
ከመገናኛ ወጪ ሥር? ከሐዘን? ወይስ ከጤና፣
ካልደወሉ በቀር እንቅልፍ አይወስዳቸውምና?
ወይስ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ «የቤተሰብ ቁርኝት» ከሚለው?
ሰንጠረዡ ክፍል ክፍል አለው፣ ግድግዳ አለው፤ ብሩ ግን በግድግዳው አልፎ ይዞራል፣
እንደ ቤቱ ልጅ፣ ሳያንኳኳ፣ ከአንዱ ወጥቶ አንዱ ይገባል።

ማራኪ ስመለስ አማካሪዬ ገጹን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ፤
«አንድ ሰው ነው፣ አማካዩን ያዛባል፤ ቤተሰቡም ሦስት ነው» አሉኝ፣ በላጲስ አራቴን ፋቁ።
በእርሳስ ነበር የጻፍኩት።
መልሼ ጻፍኩት። በስክሪብቶ።

ማታ፣ አራዳ መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬን ብቻ አበራሁ፤
የአባቴን ቁጥር በአርባው ዕለት ሰርዣለሁ፤ «ይሻልሻል» አሉኝ፣ እኔም አመንሁ።
ዜሮ ዘጠኝ፣ አሥራ ስምንት፣ ሰባ...
ሰባ አንድ ነበር? ሰባ ሁለት?
ከዚያ ወዲያ ያለውን ጣቴ ነበር የሚያውቀው፤
ጣቴም ዝም አለ።